ወጣት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎችን በማኅበረሰብ በኩል መመልመል፦ የሚሰጠውና የማይሰጠው

የጠያቂው መልእክት በአጭሩ፦ «የአንድ መካከለኛ የሶፍትዌር ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነኝ። ለጀማሪ ፕሮግራመሮች ማስታወቂያ ባወጣን ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ማመልከቻዎች ይደርሱናል፤ ነገር ግን አንዱን ሲቪ ከሌላው መለየት አልቻልንም። በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓመት በፊት የራሳችንን የወጣት ባለሙያዎች ማኅበረሰብ አቋቋምን። የቴሌግራም ቡድን ከፈትን፣ ሁለት ሃካቶን (በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፕሮግራም የሚሠራበት ውድድር) አዘጋጀን፣ ቲሸርትና የገንዘብ ሽልማት ሰጠን። ዛሬ 3,000 ያህል አባላት አሉን፤ ከመካከላቸው የቀጠርነው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። አመራሩ በሚቀጥሉት ስድስት ወራት አሥር ጀማሪዎችን እንድቀጥር ይጠብቃል፤ ማኅበረሰቡ ካላመጣቸውም በጀቱን እንደሚዘጋ ነግሮኛል። ያጠፋነው ምንድን ነው? ማኅበረሰቡን ወደ ቅጥር መለወጥ የምንችለውስ እንዴት ነው?»

በቅድሚያ መታረም ያለባቸው ሁለት ግምቶች አሉ። አንደኛው፣ እስካሁን የተገነባው ነገር ማኅበረሰብ ነው የሚለው ነው። ከገለጻው እንደምረዳው ድርጅቱ ያስተዋውቃል፣ ያወዳድራል፣ ይሸልማል፤ አባላቱ ደግሞ ይመለከታሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ሽልማቱን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ስብስብ ገና ታዳሚ ነው። ይህን በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል፤ የድርጅቱ ሠራተኞች ለሁለት ሳምንት አንድም ነገር ሳይጽፉ ቢቆዩ አባላቱ እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ? አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አንብቦ ያርመዋል? አዲስ የገባውን ሰው ተቀብሎ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳየው ነባር አባል አለ? መልሱ አሉታዊ ከሆነ፣ ለቅጥር የሚረዳ መረጃ ከቡድኑ አለመገኘቱ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ችሎታና ጠባይ የሚነግረን መረጃ የሚፈልቀው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲሠሩ ነውና፤ ታዳሚ ስለ ራሱ የሚተወው ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግምት ከ3,000 ሰዎች አንድ ብቻ መቀጠሩ ውድቀት ነው የሚለው ነው። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳመለከተው፣ በአብዛኞቹ የበይነ መረብ ስብስቦች ውስጥ ከመቶ 90 ያህሉ የሚያነቡ ብቻ ናቸው፤ 9 ያህሉ አልፎ አልፎ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የቀረው 1 በመቶ ነው። ይህ ግምታዊ ምልከታ እንጂ የማይዛነፍ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን መነሻ እንዲሆነን በእርስዎ ቡድን ላይ ብናውለው ከ3,000 ውስጥ በእውነት ንቁ የሚሆኑት 30 ሰዎች ገደማ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሥራ ያላቸው፣ ገና በትምህርት ላይ ያሉ፣ የእናንተ የሥራ ዘርፍ የማይማርካቸውና ዕድሜያቸው ለቅጥር ያልደረሰ ይኖራሉ። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ይዞ «ምን ያህሉ ተቀጠሩ» ብሎ ማካፈል ትርጉም ያለው መለኪያ አይሆንም። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ ከእነዚያ 30 ሰዎች ውስጥ ስንቶቹን የድርጅቱ መሐንዲሶች በስምና በሥራ ያውቋቸዋል የሚለው ነው። ከጥያቄው መንፈስ ስገምት አንዱንም አያውቁም።

በማኅበረሰብ በኩል መመልመል ለወጣቶች ለምን እንደሚስማማ ሳይብራራ ምን ይደረግ ወደሚለው መሄድ አይቻልም። አሥር ዓመት የሠራ ባለሙያ የኋላ ታሪክ አለው፤ የሠራባቸውን ቦታዎች፣ ያበቃቸውን ሥራዎች፣ የሚመሰክሩለትን ባልደረቦች ማጣራት ይቻላል። ጀማሪው ይህ ሁሉ የለውም። ቀጣሪውም ማጣራት የሚችለው ነገር ሲያጣ በእጁ ወዳለው ቀላል ምልክት ያዘነብላል፤ የትምህርት ተቋሙን ስም፣ የውጤቱን አማካይ፣ የሲቪውን አቀራረብ ይመዝናል። ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች ደካማ ናቸው። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር የ85 ዓመታት የቅጥር ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ትንታኔ፣ የትምህርት ዓመታት ብዛት ከወደፊት የሥራ ውጤት ጋር ያለው ዝምድና (0 ምንም ዝምድና አለመኖሩን፣ 1 ፍጹም ዝምድናን ያሳያል) 0.10 ብቻ ሲሆን፣ ሥራውን ራሱን በናሙና የሚያሠራ ፈተና 0.54፣ ለሁሉም አመልካች ተመሳሳይ ጥያቄዎች የሚቀርቡበት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ ደግሞ 0.51 ደርሰው ነበር። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 ስሌቱን እንደገና ሲመረምሩ ቁጥሮቹ ዝቅ ብለዋል፤ የተደራጀ ቃለ መጠይቅ 0.42፣ የሥራ ናሙና 0.33 ሆነዋል። ያም ሆኖ መሠረታዊው ሐሳብ አልተናወጠም፤ ሰውን ከወረቀቱ ይልቅ በሥራው መመዘን የተሻለ ነው።

በአግባቡ የተገነባ ማኅበረሰብ ለቀጣሪው የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ረጅም የሥራ ናሙና ነው። የሁለት ሰዓት ፈተና አንድ ሰው አንድን ጥያቄ መፍታት መቻሉን ሊያሳይ ይችላል፤ የአራት ወር ተሳትፎ ግን ፈተናው የማይደርስበትን ያሳያል። ሰውየው ሲቸግረው ምን ሞክሮ እንዳልሠራለት ዘርዝሮ ነው የሚጠይቀው ወይስ «አልሠራም» ብሎ ብቻ ይልካል? ኮዱ ሲተችበት ይከራከራል፣ ይቀየማል ወይስ አሻሽሎ ይመለሳል? የጀመረውን ይጨርሳል? ከእሱ በታች ላለው ጀማሪ ጊዜ ይሰጣል? ከሠራ በኋላ ሌላ ሰው የሚረዳው ማብራሪያ ይጽፋል? ጀማሪ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት የሚሳካለት ወይም የሚቸገረው በአብዛኛው በእነዚህ ነገሮች ነው፤ ቋንቋና መሣሪያ ግን በሥራ ላይ ይለመዳል።

ጥቅሙ ለቀጣሪው ብቻ አይደለም፤ ወጣቱም ድርጅቱን ይመዝናል። መሐንዲሶቻችሁ የጀማሪን ጥያቄ በትዕግሥት ይመልሱ እንደሆነ፣ እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ስህተታቸውን በይፋ ያምኑ እንደሆነ ይታዘባል። ያየው ደስ ካላሰኘው ሳያመለክት ይቀራል፤ ይህም በሙከራ ጊዜ ከመለያየት ለሁለቱም ወገን ይሻላል። ከዚህ በተጨማሪ የማኅበረሰቡ ጥቅም በውስጡ ባሉት ሰዎች አይወሰንም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየው፣ በሚያውቁት ሰው በኩል ሥራ ካገኙ ባለሙያዎች መካከል ጠቋሚያቸውን አዘውትረው የሚያገኙት ከ17 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት የሚያገኙት አልፎ አልፎ ብቻ ነበር፤ 28 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ደግሞ ከስንት አንዴ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጅ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነው፤ ራቅ ያለው ትውውቅ ግን ሌላ ክበብ ውስጥ ያለ ወሬ ያመጣል። ማኅበረሰብ የሚያበዛው ይህን ራቅ ያለ ትውውቅ ነው። ስለዚህ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ራሱ ባይቀጠርም «እነዚህ ሰዎች ጥሩ ናቸው፣ ሞክር» ብሎ የሚልከው ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ውጤት በእናንተ መዝገብ ላይ እንደ ማኅበረሰብ ቅጥር ስለማይመዘገብ ሳይታይ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄው ፍሬ ነገር ልምጣ። ታዳሚን ወደ ማኅበረሰብ የሚለውጠው አብሮ የሚሠራ እውነተኛ ሥራ ነው። ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር እ.ኤ.አ. በ1991 ሰዎች ሙያ እንዴት እንደሚማሩ ሲያጠኑ እንደ ልብስ ስፌትና አዋላጅነት ያሉ ሙያዎችን ተመልክተው የደረሱበት መደምደሚያ፣ ጀማሪ ወደ ሙያው የሚገባው በዳር ሆኖ ትንሽ ነገር ግን እውነተኛ የሆነ ሥራ በመሥራት ነው፤ እየዋለ ሲያድር ወደ መሐል ይጠጋል የሚል ነው። ልብስ ሰፊው ተለማማጅ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት ቁልፍ ይተክላል፣ ጠርዝ ያጥፋል፤ ሥራው ቀላል ቢሆንም ልብሱ ለደንበኛ የሚሰጥ ልብስ ነው። የኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ፕሮጀክቶች ይህን ሥርዓት ከሞላ ጎደል በተግባር አውለውታል። ብዙዎቹ ፕሮጀክቶች ከሚጠባበቁ ሥራዎቻቸው መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው የሚሆኑትን በምልክት ለይተው ያስቀምጣሉ፤ መጤው አንዱን መርጦ ይሠራል፣ ነባሩ ያርመዋል፣ ሥራው ከዋናው ኮድ ጋር ይዋሃዳል። ከዚያ ቀጥሎ ትንሽ ከበድ ያለ ሥራ ይወስዳል። ከጊዜ በኋላ የሌሎችን ሥራ መገምገም ይጀምራል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ስለ ሰውየው የምናውቀው ነገር ይጨምራል፤ ማንም ግን «እየተፈተንኩ ነው» ብሎ አይሳቀቅም።

የእናንተ ድርጅት ይህን ለማድረግ ትልቅ ምርት ለሕዝብ መክፈት አያስፈልገውም። አብዛኞቹ የሶፍትዌር ድርጅቶች ከዋናው ንግዳቸው ጋር የማይጋጭ፣ ለሌሎችም የሚጠቅም ትንሽ መሣሪያ አላቸው፤ የሙከራ ዳታ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም፣ የአንድን ፋይል ዓይነት ወደ ሌላ የሚለውጥ የኮድ ስብስብ (ላይብረሪ)፣ የሰነድ ማዘጋጃ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ዋናው መስፈርት ድርጅቱ ራሱ በየቀኑ የሚጠቀምበት መሆኑ ነው። ወጣቶችን ለማሠራት ብቻ ተብሎ የተፈጠረ ፕሮጀክት በሁለት ወር ይሞታል፤ መሐንዲሶቻችሁ የማያስፈልጋቸውን ኮድ ለመገምገም ጊዜ አይሰጡም፣ ወጣቱም የሠራው ነገር የትም እንደማይደርስ ወዲያው ይገባዋል። የተላከ ሥራ በሁለት ወይም በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ማግኘቱ፣ ከሽልማትም ከዝግጅትም በላይ ሰውን የሚያቆይ ነገር ነው። ይህን ማድረግ የማይችል ድርጅት ሥራውን ባይከፍተው ይመረጣል፤ መልስ ያጣ ወጣት ዝምታውን ለጓደኞቹ ያወራልና።

ስለ ሃካቶኑና ስለ ሽልማቱ። ሃካቶን ሰዎች እንዲተዋወቁ ለማድረግ ጥሩ ነው፤ ለመለየት ግን ደካማ መሣሪያ ነው። የሚሸልመው ፍጥነትን፣ ጥሩ አቀራረብንና እንቅልፍ ማጣትን ነው፤ የእናንተ ሥራ በአብዛኛው ትዕግሥትን፣ የሌላ ሰው ኮድ ማንበብንና ነገን አስቦ መሥራትን የሚጠይቅ ይመስለኛል። ከዚህም በላይ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ መስጠት የማይችሉትን፣ በሥራ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩትንና ቤተሰብ የሚንከባከቡትን በር ላይ ያስቀራል። ሽልማቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ዲጂታል ኦሽን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሃክቶበርፌስት በሚል ስም በየጥቅምቱ በሚያካሂደው ዘመቻ፣ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች የተወሰነ ቁጥር ያለው ማሻሻያ ለሚልኩ ሰዎች ቲሸርት ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፕሮጀክት ባለቤቶች በሰነድ ላይ አንዲት ቃል ከመጨመር በማያልፉ ፋይዳ ቢስ ማሻሻያዎች ተጥለቀለቁ፤ አዘጋጁም ዘመቻው ተጀምሮ ሳለ ደንቡን ለውጦ፣ መሳተፍ እንደሚፈልጉ ራሳቸው ባሳወቁ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲወሰን ለማድረግ ተገደደ። ቲሸርቱን የሚፈልግ ሰው ቲሸርቱን የሚያስገኘውን ይሠራል፤ በዚህ መወቀስ ያለበት ደንቡን ያወጣው ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የቆየ ጥናትም አለ። ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባካሄደው ሙከራ፣ እንቆቅልሽ ለሚፈቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈቱት ልክ ገንዘብ ሲሰጣቸው ቆይቶ ክፍያው ሲቋረጥ፣ በነፃ ጊዜያቸው በእንቆቅልሹ የመቆየት ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህን ጥናት ጠቅሰው ለወጣቶች ሥራ ክፍያ የማይከፍሉ ድርጅቶች አሉና አንድ ነገር በግልጽ ልበል፦ በፍላጎት ለሚደረግ መማማር ሽልማት ማንጠልጠል ጎጂ ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ የሚያተርፍበትን ሥራ በነፃ ማሠራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዝበዛ ነው። ድንበሩ የሚታወቀው፣ ወጣቱ ባይሠራው ኖሮ ለአንድ ሠራተኛ ከፍላችሁ ታሠሩት ነበር ወይ ብሎ በመጠየቅ ነው። መልሱ አዎንታዊ ከሆነ ይከፈል። በሃካቶን የተሠሩ ሥራዎች ባለቤትነትም እንዲሁ አስቀድሞ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ሥራው ሁሉ የተሳታፊው ሆኖ መቅረቱን እመርጣለሁ።

አማራጮቹን በተመለከተ፣ አዲስ ቤት ከመሥራት በፊት ያለው ቤት ውስጥ መግባት እንደሚሻል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ወጣት ፕሮግራመሮች ዛሬም የሚሰበሰቡባቸው የተማሪ ክበቦች፣ የአንድ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ተጠቃሚዎች ስብስቦችና የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች አሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ጃንጎ ገርልስ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድረ ገጽ እንዲሠሩ የሚያስተምሩ የአንድ ቀን አውደ ጥናቶችን በፈቃደኞች አማካይነት በብዙ አገሮች ያካሂዳል። እንዲህ ባለው ስፍራ መሐንዲስ ልኮ ማስተማር፣ አዳራሽና ኢንተርኔት ማቅረብ፣ የራስን ባንዲራ ከመትከል እጅግ ያነሰ ወጪ አለው፤ ለወጣቱም የሚታመን ይሆናል፤ ስፍራው የቀጣሪው አይደለምና። ጉድለቱ ቁጥጥሩ በእጃችሁ አለመሆኑ ነው። የስብስቡን ደንብ ማክበር፣ ካልተፈቀደ የሥራ ማስታወቂያ አለመለጠፍ፣ ተራ መጠበቅ ግድ ይላል።

ሌላው አማራጭ ክፍያ ያለው የተግባር ልምምድ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚያካሂደው ሰመር ኦፍ ኮድ የተባለ ፕሮግራም ጀማሪዎች በኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላይ በአማካሪ እየተመሩ ይሠራሉ፣ ክፍያም ያገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ተማሪ ያልሆኑትም እንዲያመለክቱ ተፈቅዷል። አውትሪቺ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በቴክኖሎጂው ዓለም ውክልናቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች የሦስት ወር የርቀት ልምምድ ይሰጣል፤ ለእናንተ ትምህርት የሚሆነው የምርጫው ሥርዓት ነው። አመልካቾች ከመመረጣቸው በፊት በፕሮጀክቱ ላይ ትንሽ እውነተኛ አስተዋጽኦ የሚያደርጉበት የጊዜ ገደብ አለ፤ አማካሪዎቹም የሚመርጡት ያንን አይተው ነው። ከማኅበረሰብ ወደ ቅጥር የሚያሻግረው ድልድይ በእኔ ግምት ይህ ነው። በማኅበረሰቡ ውስጥ የታየ ሰው በቀጥታ ወደ ቋሚ ሥራ ከሚዘል፣ መጀመሪያ ሦስት ወር እየተከፈለው ከቡድኑ ጋር ይሥራ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገኖች በዕውቀት ይወስናሉ።

ሊታለፉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ከሁሉ የከፋው አደጋ የመመሳሰል ነው። ሰዎች እነሱን የሚመስሉትን ይሰበስባሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሃያ አባላት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ቀጣዮቹ ሁለት መቶም ከዚያው የመምጣት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው። ማኅበረሰቡ ብቸኛው የቅጥር በር ከሆነ፣ በምሽት ለመሰብሰብ ጊዜ የሌለው፣ ኢንተርኔት እንደልቡ የማያገኝ ወይም በስብሰባ መናገር የሚያፍር ብቁ ሰው ዕድሉ ይዘጋበታል። ስለዚህ መደበኛው ማስታወቂያ ክፍት ይሁን፤ ከማኅበረሰቡ የመጣውም ከውጭ የመጣውም አመልካች አንድ ዓይነት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ ይለፍ። በማኅበረሰቡ ውስጥ የታየ ሥራ የሥራ ናሙናውን ፈተና ሊተካ ይችላል፤ ቃለ መጠይቁን ግን ሊተካ አይገባም። ይህ ምክር ዛሬ ሌላም ምክንያት አግኝቷል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ኮድ በሚጽፉበት ጊዜ የተጠናቀቀ ሥራ ብቻውን ብዙ አይመሰክርም፤ ሰውየው ለምን እንዲህ እንደ ሠራው፣ ምን አማራጭ እንደ ተወ፣ ቢበላሽ ከየት እንደሚጀምር በቃል ማስረዳት መቻል አለበት።

የግል መረጃም ጉዳይ አለ። ለመማር ብሎ ቡድን የተቀላቀለ ሰው ለቅጥር ማኅደር ፈቃድ ሰጥቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ የግል መረጃ ከዚያ ጋር ለማይጣጣም ሌላ ዓላማ እንዳይውል ይከለክላል፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም ተመሳሳይ ሕጎች አሏቸው። ሕጉ ባይኖር እንኳ፣ የአባላት ዝርዝር በድብቅ ወደ ቀጣሪ መዝገብ መገልበጡ በታወቀ ቀን ማኅበረሰቡ ያበቃለታል። ስለ ሥራ ዕድል መስማት የሚፈልግ ሰው ራሱ የሚመዘገብበት የተለየ ቅጽ ይዘጋጅ፤ አወያዮች ስለ አባላት ጠባይ የሚይዙት ማስታወሻም ወደ ቅጥር ክፍል አይሂድ። ለአካለ መጠን ያልደረሱ አባላት ካሉ የግል መልእክት ልውውጥ፣ የምሽት ዝግጅትና የፎቶ አጠቃቀም በጽሑፍ በሰፈረ ደንብ ይገዛ፤ የባህሪ ደንብ፣ አቤቱታ የሚቀበል የተሰየመ ሰውና የሚፈጸም ቅጣትም ይኑር። በቀጣሪና በሥራ ፈላጊ መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ወዳጃዊ በሆነ ስብሰባ ውስጥ አይጠፋም፤ ይደበቃል እንጂ።

ማን ይምራው የሚለውን በአጭሩ እመልሳለሁ። የሰው ሀብት ክፍል ባለቤት ሊሆን አይገባም፤ ይህን ስል ጠያቂውን ለማሳነስ አይደለም። ወጣቶቹ የሚመጡት የሚማሩበት ሰው ፍለጋ ነው፤ ያ ሰው ኮድ የሚጽፍ መሐንዲስ ነው። ሁለት ፈቃደኛ መሐንዲሶች በሳምንት አራት አራት ሰዓት ከሥራ ሰዓታቸው ይመደብላቸው፤ ይህም በሥራ ዕቅዳቸውና በምዘናቸው ላይ ይጻፍ። በትርፍ ጊዜያቸው እንዲያደርጉት የተጠየቁ መሐንዲሶች የመጀመሪያው የሥራ ጥድፊያ ሲመጣ ይተዉታል፤ አይፈረድባቸውም። የእርስዎ ክፍል ድርሻ ዝግጅቱን ማስተናገድ፣ ደንቡን ማስከበር፣ የልምምድ ውሉንና ክፍያውን ማስፈጸም ነው።

መለኪያውም ይለወጥ። የእንግሊዙ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሳው ሐሳብ በኋላ የተስፋፋበት መልክ እንደሚለው፣ አንድ መለኪያ ግብ ሲሆን መለኪያነቱ ያከትማል፤ የአባላት ቁጥር ግብ በሆነበት ስፍራ ሁሉ የሚበዛው ቁጥሩ ብቻ ነው። በየሩብ ዓመቱ ስንት ሰዎች ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ሥራ እንደላኩ፣ አባላት ከጠየቋቸው ጥያቄዎች ስንቱን ሌሎች አባላት (የድርጅቱ ሠራተኞች ሳይሆኑ) እንደመለሱ፣ ለላኩት ሥራ መልስ ለማግኘት ስንት ቀን እንደጠበቁ ይቆጠር። ቅጥርን በተመለከተ የተቀጠሩትን ብዛት ከመቁጠር ይልቅ ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራቸው የቆዩትንና አለቆቻቸው የረኩባቸውን ከሌላ በር ከገቡት ጋር ማነጻጸር ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቼ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። አሥሩን ጀማሪዎች በስድስት ወር ከማኅበረሰቡ ለማግኘት አይሞክሩ፤ አይሆንም። እምነት የሚገነባበት ጊዜና የአመራሩ የጊዜ ገደብ አይገጣጠሙም፤ በግድ ለማገጣጠም የሚደረገው ጥረት ቡድኑን ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለውጠዋል፣ ያሉትን 30 ንቁ ሰዎችም ያባርራል። ሰባት ወይም ስምንቱን ቦታዎች በመደበኛው ማስታወቂያ ይሙሉ፤ ነገር ግን የሲቪውን ማጣሪያ በአጭር፣ ከሁለት ሰዓት በማይበልጥ የሥራ ናሙናና በተደራጀ ቃለ መጠይቅ ይተኩት። «ሲቪዎቹ አንድ ናቸው» ለሚለው የመጀመሪያ ችግርዎ ቀጥተኛው መፍትሔ ይህ ነውና፤ ማኅበረሰብ ለማቋቋም ያነሳሳችሁ ችግር ከመጀመሪያውም በዚህ ሊፈታ ይችል ነበር። የቀሩትን ሁለት ወይም ሦስት ቦታዎች በተከፋይ ልምምድ መልክ ያስቀምጡ፤ በእነዚህ ስድስት ወራት በሚከፈተው ትንሽ ፕሮጀክት ላይ ከሠሩት መካከል ይምረጡ።

ለአመራሩ ደግሞ ጥያቄው በሌላ መልክ ይቅረብ። ድርጅቱ ለአንድ ዓመት ማንንም የማይቀጥርበት ጊዜ ቢመጣ ማኅበረሰቡን ማስቀጠል ይፈልጋል ወይ ብለው ይጠይቋቸው። መልሳቸው አሉታዊ ከሆነ በጀቱ ቢዘጋ አልቃወምም፤ ገንዘቡ ለልምምድ ክፍያ ይዋል፣ መሐንዲሶቹም ወደ ነባር ስብስቦች ሄደው ያስተምሩ። መልሳቸው አዎንታዊ ከሆነ ለሦስተኛ ሃካቶን የተያዘውን ገንዘብ ወደ መሐንዲሶቹ ሰዓት ያዙሩት፣ የአባላት ቁጥርን ከሪፖርቱ ያውጡ፣ ማኅበረሰቡ ለ18 ወራት ከላይ በዘረዘርኳቸው መለኪያዎች ብቻ እንዲታይ በጽሑፍ ይስማሙ።

የቴሌግራም ቡድኑን በተመለከተ፣ ቢዘጋም ቢቀጥልም ለ3,000ዎቹ አባላት አስቀድሞ ይነገራቸው። የሚቀጥል ከሆነ የሥራ ማስታወቂያ ለብቻው በሚከፈት ቻናል ላይ ብቻ እንደሚወጣ ይገለጽ፤ የሚዘጋ ከሆነ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጥ፣ የተሰበሰበው የግል መረጃ መጥፋቱ ይረጋገጥ፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ጥቂቶች ካሉም አስተዳዳሪነቱን ከመካከላቸው ፈቃደኛ ለሆኑት ያስረክቧቸው።